ከቢጫዋ ጀሪካን ሥር

ስልኬ የጠራው የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ለመቀየር ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለ ነው። ቁጥሩን አላውቀውም። ደዋዩ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ፣

“አሥረኛዋ አንቺ ነሽ” አለኝ።

“የምን አሥረኛ?”

“የመጨረሻዋ ቁጥር ለቃለች። ከዜሮ ጀምሬ እየቀያየርኩ ስደውል ዘጠኝ ሰው አስቸገርኩ፤ አንዱማ ሰድቦኛል። ሐይቁ ላይ ቢጫ ጀሪካን ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ?”

ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። “እኛ ነን።”

“ጀሪካኗ እኔ ቤት ናት። ዕቃችሁ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ኑና ውሰዱ። ሌባ ማለታችሁንም ተዉት።”

ጉዟችን የተጀመረው በዚህ ስልክ ነው። ለምን እንደሄድን ለመንገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እኔ የውሃ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ባሕር በሌላት አገር የባሕርን ነገር መማር በራሱ ቀልድ ነው፤ ዘመዶቼ ዛሬም “ዋና ነው የምትማሪው?” ይሉኛል። አንደኛ ዓመት ሳለን ለውጥ መጣ ተባለ፣ ከኤርትራ ጋር እርቅ ወረደ፣ ድንበሩ ተከፈተ። መምህራችን ደሳለኝ በደስታ ተነስቶ “ስትመረቁ ቀይ ባሕር ደሴቶች ላይ አደርሳችኋለሁ፣ ኮራል በዓይናችሁ ታያላችሁ” ብሎ ቃል ገባልን። የክፍል ጓደኛዬ ሀብታሙ በዚያው ሳምንት የዋና መነጽር ገዛ። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ፤ ጦርነቱም መጣ። መነጽሩ እስከ ዛሬ ከነማሸጊያው አለ።

በደሴቶቹ ፈንታ የደረሰን የወሎው ሐይቅ ነው። ጦርነቱ ወሎ ከመድረሱ በፊት በነበረው ሰኔ አንዲት ሙቀት መዝጋቢ ይዘን ሄድን። እንቁላል የምታክል ዕቃ ናት፤ በየሰዓቱ የውሃውን ሙቀት ለክታ ለራሷ ትጽፋለች። ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረን ወደ ታች ለቀቅን፤ መዝጋቢዋን አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ አሰርናት፤ ገመዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ተንሳፋፊ እንዲሆን ደግሞ ላዩ ላይ ቢጫ ጀሪካን አደረግንበት። ጀሪካኑ ላይ በቀለም “ለጥናት ነው” ብዬ ስልክ ቁጥሬን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጥቅምት ተመልሰን ልናነሳት ነበር፤ በጥቅምት ግን ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ገባ።

በሚያዝያ መንገዱ ሲከፈት ሄድን። ቢጫ የሚባል ነገር ውሃው ላይ የለም። ዳር ላይ የነበሩትን አሳ አጥማጆች ብንጠይቅ አንድም የሚያውቅ ጠፋ። ተናደድኩ። ፊታቸው ላይ “ሌቦች” አልኩ። ሀብታሙ “እንዴ፣ ተይ” ሲለኝ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብዬ መለስኩለት። ባሕር ዳር ገብቼም በሪፖርቱ ላይ “መሣሪያው በአካባቢው አሳ አጥማጆች ተሰርቋል” ብዬ ጻፍኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ የቆመው በዚያች ዕቃ ላይ ስለነበር ትምህርት ክፍሉ አሁን የመጨረሻ ቀን ቆርጦልኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መረጃው ካልተገኘ በአዲስ ርዕስ ከዜሮ እጀምራለሁ። ስልኩ ከተደወለ በኋላ ለምኜ ለምኜ መኪና ተፈቀደልን። የተሰጠን ጊዜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከሐይቅ እስክንነሳ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

አራት ሆነን ከባሕር ዳር ወጣን፤ መምህር ደሳለኝ፣ ሀብታሙ፣ እኔና ሾፌሩ። ወሩ ጥር ነውና ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ጋይንት ስንወጣ ፀሐይ ደረሰችልን። በየሜዳው የገብስ ክምር አለ፣ ሰዉ አውድማ ላይ ነው። ወደ ጋሸና ስንቃረብ መንገድ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ይታዩ ጀመር። አንዱ ከባድ መኪና ጎማም ሞተርም የለው፣ ባለ ማሳው ጭዱን ደገፍ አድርጎ ከምሮበታል። ሀብታሙ የመኪና ላይ ወሬውን ያቆመው እዚህ ነው።

ምሳችንን ጋሸና ላይ ቀይ ወጥ በላን፤ ለአንድ ሰው መቶ ሃያ ብር። የቤቱ ባለቤት ግድግዳዋ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በካላንደር ሸፍናቸዋለች። ካላንደሩ ያለፈው ዓመት ነው፤ የቀዳዳ እንጂ የቀን ጉዳይ አልነበረማ።

ወደ ወልድያ ቁልቁል ስንወርድ መምህር ደሳለኝ ከቦርሳው ያንን ሪፖርት አውጥቶ ሰጠኝ። የኔ ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ተሰምሮበታል።

“ለምን ይዘውት መጡ?” አልኩት።

“አንቺ እንድትይዢው ነዋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አሁን መልቀሚያው ደርሷል።”

አጥፌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እውነት ነበርና ከፋኝ።

ዓርብ፣ ከወልድያ ሐይቅ

ጠዋት መርሳ ላይ ፓፓያና ሙዝ ገዛን። ውርጌሳን አልፈን ወደ ውጫሌ ሽቅብ ስንጀምር የአምባሰል ገደሎች በስተቀኝ ቆሙ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ በአፉ አምባሰልን ማዜም ጀመረ፤ “እዚህ ስደርስ ቅኝቱ ራሱ ይመጣል” ይላል። ድምፁ መጥፎ ነው፣ ግን አልከለከልነውም።

ውጫሌ ባጃጁና ሰዉ ተጨናንቋል። ወደ ግሸን የሚሄዱ ምእመናን የጫነ አውቶቡስ ጎማ እየቀየረ ነበር። ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት በመስኮት በኩል ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁኝ። ሐይቅ፣ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ አልኳቸው። “እንግዲህ እንድታገኙት ለማርያም ተሳይ” አሉኝ። ሀብታሙ ቀበል አድርጎ “ስለቷን ሁለት ቦታ ታድርገው፣ ዕቃውን የያዙት ሙስሊም ናቸው” አላቸው። ሴትየዋ ሳቁ፤ “ወሎ መሆኑን ማን ነገረህ” አሉት። እኔም በልቤ ለሁለቱም ተሳልኩ።

ረፋድ ላይ ሐይቁ ታየ። ስልክ የደወለው ሰው ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ይመር ይባላል፤ እኛ ጋሽ ይመር አልነው። ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ እጁ በመረብ ገመድ የተቆራረጠ፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን ውሃውን የሚያይ ሰው ነው። “አማን ናችሁ? መንገዱ አማን ነው?” አለና እጃችንን ጨበጠ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

በቀጥታ ወደ ታንኳው የምንሄድ መስሎኝ ቦርሳዬን አነገትኩ።

“ዛሬ አይሆንም” አለ። “አሁን ጁምዓ ልሄድ ነው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሐይቁ ይነሳል፣ ነፋስ አለው። ነገ ማለዳ።”

“ጋሽ ይመር፣ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ይመለሳል።”

“አብሽሪ፣ አትስጊ። ቦታዋን አውቃታለሁ።”

ከዚህ በላይ ላንቀሳቅሰው አልቻልኩም። ቀኑን ከተማ ውስጥ አሳ ጥብስ እየበላን ዋልን። ከሰዓት በኋላ እንዳለውም ነፋሱ ተነሳ፣ ሐይቁ ነጫጭ አረፋ አወጣ። ውሃው ዳር ጥንታዊ ገዳም ያለበትን ጫካ ከሩቅ አየሁት። ድሮ ደሴት ነበረ ይባላል፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ ሴት ግን አይገባበትም። ሀብታሙ “ይኸውልሽ ደሴትሽ፣ እሱም ከሩቅ ነው” አለኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

መምህር ደሳለኝ ዋና ስለማይችል ዳር ቀረ፤ የውሃ መምህር ነውና ይህ እንዳይነገርበት ለምኖናል። ጋሽ ይመር፣ ሀብታሙና እኔ በታንኳ ወጣን። ውሃው ጸጥ ብሏል። ጋሽ ይመር የያዘው በገመድ የታሰረ የብረት መንጠቆ ብቻ ነው።

“ተንሳፋፊ ከሌለው በምን እናገኘዋለን?” አልኩ።

“ማን የለውም አለሽ? አለው። ሰው እንዳያየው አንድ ክንድ ወደ ታች አድርጌ ነው ያሰርኩት።”

“ታዲያ ቦታውን?”

“ውሃ ላይ ምልክት የለም ልጄ። ምልክቱ የብስ ላይ ነው።” በእጁ ወደ ምሥራቁ ዳር አሳየኝ። “የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ያንን ነጭ ድንጋይ ሲሸፍነው፣ አንድ። በወዲህ ደግሞ ዋርካዋ እዚያ ተራራው ላይ ካለው ስንጥቅ ሥር ስትገባ፣ ሁለት። ሁለቱ እኩል የሆኑበት ላይ ዕቃችሁ ናት።”

አራት ዓመት የተማርኩት ነገር ነው። አንዱ ምልክት መስመር ይሰጣል፤ ሁለት መስመር ሲቋረጥ ነጥብ ይሆናል። እኛ ግን ያኔ በሰኔ አንዱንም ሳንይዝ፣ ጀሪካኑን አምነን ነው የሄድነው።

“ዋርካዋ የቷ ናት?” አለ ሀብታሙ።

ጋሽ ይመር መቅዘፉን አቆመ። “ነበረች” አለ። “መብራት ጠፍቶ፣ ከሰል ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ተቆረጠች። ማን ጀመራት አይባልም፤ ሁላችንም አንድደናታል። ግን አብሽሩ፣ ቦታዋን አልስትም።”

ሳተው። ወፍጮ ቤቱንና ነጩን ድንጋይ ይዞ በዚያች መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ እየቀዘፈ መንጠቆውን ጎተተ። አንዴ አረም ይዞ መጣ፣ አንዴ የተበጠሰ መረብ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ተኩል ሆነ። ዳሩ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ጉቶው ከውሃ ላይ አይታይም። ጋሽ ይመር ላብ በላብ ሆነ፤ እየደጋገመ ወደዚያ ባዶ ዳር ያያል። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያች ዛፍ ሲመራ የኖረ ሰው ነው፣ ያፈረውም እኛን ሳይሆን ራሱን ይመስላል። እኔ ደግሞ በሆዴ ማመልከቻዬን መጻፍ ጀምሬ ነበር። ምናልባት ውሸቱን ነው ብዬም አሰብኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን አስቤዋለሁ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሀብታሙ “ያ ቢጫ ነገር ምንድነው?” አለ።

ከቁጥቋጦው በላይ፣ ዳሩ ላይ፣ አንዲት ሴት ከፍ ብላ ቆማለች። በሁለት እጆቿ ከራሷ በላይ ጀሪካን ይዛለች። የኛን ጀሪካን።

ጋሽ ይመር ረጅም ትንፋሽ አወጣ። “ዘሃራ ናት” አለ። ባለቤቱ ናት። “የዋርካዋ ጉቶ ላይ ወጥታ ነው።”

ጀሪካኗ ተራራው ላይ ካለው ስንጥቅ ሥር እስክትገባ ድረስ ቀዘፈ። ወፍጮ ቤቱን አየ፤ ግማሽ ታንኳ ያህል ወደ ኋላ መለሰ። መንጠቆውን ጣለ። በሁለተኛው ጎትቶ ሲያወጣ የተቀጣጠለ ነገር ይዞ ወጣ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ቁርጥራጭ፣ በሲባጎ የተሰካካ። አሳ አጥማጆች ለመረባቸው የሚያደርጉት ዓይነት ተንሳፋፊ ነው። ከሥሩ የኛ ገመድ ነበር፤ አረሙን ስንጠርግለት መዝጋቢዋ በቦታዋ ታስራ ተገኘች። ሀብታሙ ጨበጠኝ፣ እኔ አለቀስኩ። ዘሃራ ዳር ላይ እጇ ዝሎ ጀሪካኗን አወረደች።

የጋሽ ይመር ቤት

መዝጋቢዋን ጋሽ ይመር ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘናት። እትዬ ዘሃራ ጀሪካኗን አጠገቤ አስቀመጠች። ስልክ ቁጥሬ ከመጨረሻዋ አሃዝ በቀር እንዳለ ነው።

“በዚያ በኩል በአሸዋ አጥቤያት አላውቅም፣ ቁጥሩ እንዳይለቅ” አለችኝ። “የመጨረሻዋን ግን ገመዱ ፍቆ ጨርሷታል።”

“እዚያ ጉቶ ላይ እንዲወጡ ማን ነገረዎት?”

“ማንም። ከማለዳ ጀምሮ ሲያዞራችሁ አየሁት። ዋርካዋን እንደፈለጋት ገባኝ።”

መረጃው ሙሉ ነበር። ካሰርናት ሰኔ አንስቶ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አንድም ሰዓት አልዘለለችም። መስመሩ ክረምቱን አልፎ፣ ወደ ብርዱ ወራት ቀስ እያለ ይወርዳል። መምህር ደሳለኝ ጣቱን ጥቅምት መጨረሻ ላይ አደረገ። እዚያ ላይ መስመሩ በድንገት ቁልቁል ይወድቃል፤ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል እታች ይቆይና እንደገና ተነስቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

“መዝጋቢዋ ወደ ሐይቁ ወለል ወርዳለች” አለ። “እታች ያለው ውሃ ይበርዳል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት። ከዚያ አንድ ሰው አነሳት።”

ሁላችንም ጋሽ ይመርን አየነው። እሱ የበሩን ደፍ እያየ ነው። የመለሰችው ዘሃራ ናት፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም።

“የኛን ጀሪካን ለእናቴ ሰጥተናት ቀድማ ወጥታ ነበር። ለመንገድ ውሃ የምንይዝበት ጠፋ። ማታ ይችን ይዞ መጣ፣ እሰየው አልኩ። ጠዋት ልጆቹን ይዤ ልወጣ ስል እሱ የለም። ሰዉ ሁሉ ወደ ደሴ እየጎረፈ፣ ከውጫሌ በኩል ተኩሱ እየተሰማ፣ እሱ ሐይቅ ላይ ነው! ወላሂ ያን ቀን ትቼው ልሄድ ነበር።”

“ለምን ወደ ሐይቁ ተመለሱ?” አልኩት ጋሽ ይመርን።

“ማታ ጀሪካኗን ስፈታት ገመዱ ሰመጠ” አለ ጋሽ ይመር። “እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኛ ዘንድ የሰው ተንሳፋፊ የወሰደ ተንሳፋፊ ይተካል። የሰው መረብ አስምጦ አገር የለቀቀን ሐይቁ መልሶ አይቀበለውም ይባላል። ኪታብ ላይ የለም፣ የሐይቅ ሰው ወግ ነው፤ ክርስቲያኑም ያውቀዋል። ጠዋት በመንጠቆ ፈልጌ አወጣሁት። ከመረቤ ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ቆርጬ አሰርኩበት።”

“መረብዎስ?”

“ያለ ተንሳፋፊ መረብ ምን ይሆናል? ቤት ጥዬው ሄድኩ። ስመለስ አልነበረም።”

ኪሴ ውስጥ ያለው ሪፖርት ከበደኝ። “ጋሽ ይመር” አልኩ፣ “ሌባ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ጽፌዋለሁም።”

“አውቃለሁ። ያኔ ኮምቦልቻ ነበርን፣ ገና አልተመለስንም። ስመጣ ‘አንዲት ቀጭን ልጅ ተቆጥታ ሄደች’ ብለው ነገሩኝ። ለዘጠኝ ሰው የደወልኩት ለዚያ ነው።”

“ይቅርታ፣ አውፍ ይበሉኝ።”

“አውፍ ብያለሁ።” ከዚያ ፈገግ አለ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ነው። “ደግሞ ለእናንተ ብዬ እንዳይመስልሽ። መች አውቃችኋለሁ? መመለስ ፈልጌ ነው።”

መዝጋቢዋን አዲስ ባትሪ አድርገን፣ ነፋሱ ሳይነሳ እዚያው ቦታ መልሰን ለቀቅናት። ጀሪካኗን እትዬ ዘሃራ እንድትይዛት ለመንኳት፤ “የሰው ዕቃ ነው፣ እኔ ሌላ ገዝቻለሁ” ብላ እምቢ አለች። ቁጥሬን በአዲስ ቀለም ጻፍኩባት። ቋጠሮውን ጋሽ ይመር ለኔ ተወልኝ፣ አላማረም፣ ሁለት ጊዜ አስፈትቶ አሳሰረኝ። ከነጠላ ጫማዎቹ ቁርጥራጭ አንዱን ለማስታወሻ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን አንድ በአንድ አጥቦ አዲሱ መረቡ ላይ ሰካቸው።

ወደ ቤት

ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳን። ውጫሌን ስናልፍ የግሸኑ አውቶቡስ አልነበረም። ለሁለት ቦታ የተሳልኩትን እንዴት እንደማደርስ ሀብታሙ እስከ ወልድያ ድረስ ሲመክረኝ መጣ። እሁድ ማታ ባሕር ዳር ገባን። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያንን ሪፖርት አውጥቼ ዓረፍተ ነገሬን መሰረዝ ነው፤ ሀብታሙና መምህር ደሳለኝ ፈረሙበት፣ ኮፒውንም ሐይቅ ላሉት አሳ አጥማጆች ላክን።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ሐይቁ ሙቀት ብቻ አይደለም። ውሃው ላይ ያጣሁትን ነገር ሳይ ሰዎቹን ጠረጠርኩ፤ ምልክቱ ግን የብስ ላይ ነበር፣ ሰዎቹ ዘንድ። ቀይ ባሕር አልሄድኩም። ሆኖም ሐይቁ ላይ እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ ስላለ መመለሴ አይቀርም ብዬ አምናለሁ፤ ሳይንሱ ይህን እንደማይቀበል አውቃለሁ።

ጽሑፌን ያየው ፈታኝ በጥቅምቱ መስመር ላይ በቀይ “እነዚህ አሥራ ሦስት ንባቦች ስህተት ናቸው፤ ይውጡ” ብሎ ጻፈ። አላወጣኋቸውም። ከግርጌ እንዲህ ስል አስረዳሁ፦ “ስህተት አይደሉም። በዚያች ሌሊት ተንሳፋፊው ለስደት መንገድ ውሃ መያዣ ተወስዶ መሣሪያው ሰምጧል። ጠዋት አንድ አሳ አጥማጅ ከመንገድ ቀርቶ አንስቶታል።”